ተኝቶ ያቆመው ድንጋይ

በሙዚየሙ ግቢ ውስጥ፣ ከሦስቱ ጥንታዊ ቋሚ ድንጋዮች ፊት፣ በሁለት የብረት እግር የቆመ ሰሌዳ ነበር። ሰሌዳው ስለ ድንጋዮቹ ዕድሜ ይናገራል፤ ከየትኛው ተራራ ተፈልጠው እንደመጡ ይናገራል፤ መጨረሻው ላይ ግን እጁን አጣጥፎ «የጥንት ሰዎች እነዚህን ድንጋዮች በምን ዘዴ እንዳቆሟቸው እስከ ዛሬ አይታወቅም» ይላል።

ጡረታ የወጣው መሐንዲስ ይቺን ዐረፍተ ነገር እንደ በሰበሰ ጥርስ ነበር የሚያውቃት። ምላስ ሳያስበው ወደታመመው ጥርስ እንደሚሄድ፣ የመሐንዲሱም እግር ሳያስበው ወደ ሰሌዳው ይወስደዋል። ዕድሜ ልኩን ድልድይ ሲሠራ የኖረ ሰው ነው። ከባድ ነገር እንዴት እንደሚነሳ፣ መቼ እንደሚንሸራተትና መቼ አልነቃነቅም ብሎ እንደሚያኮርፍ ያውቃል። «አይታወቅም» የምትለዋ ቃል የምታበግነው ስድብ ስለምትመስለው ነው። ከድንጋይ ሥር ግንድ ሲገባ ሰበቃው እንደሚቀንስ፣ የረጠበ ሸክላ አፈር ከቅባት እኩል እንደሚያንሸራትት፣ ረጅም መፈንቀያ ደካማውን ሰው ጉልበተኛ እንደሚያደርገው፣ ይህን ሁሉ ጣታቸው እየተጨፈለቀ የተማሩ ሰዎች ነበሩ። ታዲያ ስንት ዘመን ቆይቶ አንድ ቆርቆሮ መጥቶ «እንጃ!» ይበልባቸው?

ሰሌዳው አንሶ ደግሞ አስጎብኚው አለ።

«እንግዲህ አንዳንዶች፣» ይላል አስጎብኚው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ቁመታቸው ከዛፍ የሚበልጥ ግዙፋን ነበሩ ይላሉ።»

«እነማን ናቸው አንዳንዶች?» ይላል መሐንዲሱ ከጎብኚዎቹ ኋላ።

አንድ ቀን አስጎብኚው ክንዱን ይዞ ወደ ጥግ ወሰደው። «ጋሼ፣ እባክዎ አፌ ላይ የደረሰ ጉርሻዬን አያስጥሉኝ። ግዙፋን ስል ሰው አፉን ይከፍታል። እርስዎ እንዳሉኝ አሸዋና ግንድ፣ አሸዋና ግንድ ስል ደግሞ ሰዓቱን ያያል።»

መሐንዲሱ በቀጥታ ወደ ሙዚየሙ ኃላፊ ቢሮ ገባ። ኃላፊዋ ጨዋና ጥንቁቅ ሴት ናት፤ የቢሮዋ መስኮት እንኳ ሁለት መቀርቀሪያ አለው። መሐንዲሱ የማቆሚያ ዘዴውን የነደፈበትን ሥዕል ከዚህ በፊት ደጋግማ አይታለች፤ የአፈር ቁልሉን፣ የአሸዋ ሣጥኑን፣ ቀስቶቹን ሁሉ።

«ኢንጂነር፣ እኔ እርስዎን አምናለሁ፣» አለች። «ኮሚቴው ግን ወረቀት ላይ የቆመ ድንጋይ አያምንም።»

«እንግዲያው እውነተኛውን ድንጋይ ላቁምልዎት!» አለ። ያለውን የሰማው ከአፉ ከወጣ በኋላ ነበር።

ኃላፊዋ ብዕሯን አስቀመጠች። ሦስቱን ጥንታዊ ድንጋዮች በጣቱም እንደማይነካቸው ነገረችው። ነገር ግን አንድ የድንጋይ ካባ ባለቤት ቀለሙ አላምር ብሎት የጣለው፣ ርዝመቱም ክብደቱም ከጥንቶቹ የማያንስ ድንጋይ አለ፤ ለሙዚየሙ በስጦታ ሊሰጥ ጠይቋል። ያንን በጥንቱ ዘዴ፣ ያለ ሞተር ካቆመው፣ «አይታወቅም» የምትለዋ ቃል ከሰሌዳው ትነሳለች።

«ቃል ነው?»

«ቃሌ ነው። ግን አንድ ነገር አለ። ክሬን አጠገቡ ይቆማል፣ የማንሻ ቀበቶውም ድንጋዩ ላይ ይታሰራል። እንዲጎትት አይደለም፤ ምናልባት ቢንሸራተት ብለን ነው። ድንጋዩ ሰው ላይ ቢወድቅ የጥንት ሰዎች መጥተው አይከሰሱልኝም፣ ኢንጂነር።»

መሐንዲሱ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ።

ችግሩ በከተማው ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር የሚታመንበት የክሬን ሹፌር አንድ ብቻ መሆኑ ነው። እሱም የመሐንዲሱ ሚስት ወንድም ነው። ሥራ ሲጠራ ሰው ሁሉ «አንሳው!» እያለ ስለሚጮህበት ስሙ አንሳው ሆኖ ቀርቷል። ደግ ሰው ነው፤ ነገር ግን እጁ አያርፍም። የተዛነፈ ነገር አይቶ ማለፍ አይችልም። ለቅሶ ቤት ገብቶ እንኳ ግድግዳው ላይ የተንጋደደ ፎቶግራፍ ካየ ሳያቃናው አይቀመጥም። ሥራ ሲያልቅ ደግሞ የማንሻ ቀበቶውን ፈትሾ፣ ቋጠሮውን ፈትቶ፣ እንደ አንሶላ አጥፎ ሳያስቀምጥ እህል አይቀምስም። «የተቋጠረ ቀበቶ ሰው ይገድላል» ይላል።

እሑድ ምሳ ላይ ነገሩን ሲሰማ ሹካውን አስቀምጦ ሳቀ።

«አማቼ፣ ለምን ትለፋለህ? በሻይ ሰዓቴ ብቅ ብዬ ብድግ አድርጌ አቆምልሃለሁ።»

«አትነካውም።»

«እና የምትጠራኝ ለምንድነው?»

«መጥተህ ምንም እንዳትሠራ ነው።»

«እህት ዓለም፣ ሰማሽ?» አለ ወደ እህቱ ዞሮ። «ዕድሜዬን ሙሉ ስፈልገው የኖርኩትን ሥራ ባልሽ አገኘልኝ።»

«ድንጋዩ ዘንበል ቢል እንኳ እጅህ ዝም ይላል?» አለ መሐንዲሱ። እሱ አልሳቀም።

«ካልጠራኸኝ አልነካም አልኩህ። ምን ላድርግህ፣ ልማልልህ?»

መሐንዲሱ የመሐላውን ነገር ተወው። ማታውን ግን ሚስቱ ወደተቀመጠችበት የስፌት መኪና ሄዶ አጠገቧ ቆመ። ልብስ ሰፊ ናት፤ ሠርገኞች ስላጣደፏት ቀና አላለችም።

«ከቀዩ ክር ትንሽ ስጪኝ።»

«ቁልፍ ተበጠሰብህ?»

«ለምስክር ነው።»

ይኼኔ ቀና አለች። አስረዳት። ቀበቶው ላላ ብሎ ይንጠለጠላል። መሐሉን አንድ እጥፍ ሰብሰብ አድርጎ በዚህች ክር ያስረዋል። ክሬኑ ትንሽ እንኳ ቢጎትት ክሯ ትበጠሳለች፣ እጥፉም ይፈታል፤ ቀበቶው ራሱ ምንም አይሆንም፣ ድንጋዩንም ይይዛል። ክሬኑ ካልጎተተ ግን ክሯ እንደታሰረች ትቀራለች። ከዚያ ወዲያ ማንም አፉን ሞልቶ «ክሬን ረዳው» ሊል አይችልም።

«ለወንድሜ ትነግረዋለህ?»

«ብነግረው አላመንኩህም ማለቴ አይደለም እንዴ?»

«ሳትነግረው ብታስርስ ምን ማለትህ ነው?»

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፣» አለ መሐንዲሱ ወለሉን እያየ።

ሚስቱ ክሩን በጥርሷ በጥሳ ሰጠችው። «እንካ፣ የኔ ተጠርጣሪ የሌለበት መርማሪ።»

ሥራው ተጀመረ። መሐንዲሱ ድልድይ ላይ አብረውት የደከሙ አናጢዎችንና ግንበኞችን ሰበሰበ። ከግቢው ዳር ለድንጋዩ የሚሆን ጉድጓድ ተቆፍሮ ከጎኑ የአፈር ቁልል ተሠራ፤ ከኋላ እንደ አቀበት ቀስ ብሎ የሚወጣ፣ ከፊት ደግሞ እንደ ገደል ቀጥ ብሎ የሚወርድ። ገደሉ ሥር፣ በጉድጓዱ ዙሪያ፣ ከወፍራም ግንዶች ትልቅ ሣጥን ተገጠመና እስከ አፉ አሸዋ ተሞላ። ከታቹ በጣውላ የሚዘጉ መስኮቶች ነበሩት። ድንጋዩ በእንጨት መንሸራተቻ ላይ ተጋድሞ፣ በረጠበ ሸክላ ላይ በገመድ እየተጎተተ አቀበቱን ወጣ። ሰዎቹ ወደቁ፣ ተነሱ፣ ተሳደቡ፣ ጭቃ በጭቃ ሆኑ። ገመድ ተበጥሶ የግንበኞቹ አለቃ በቂጡ ተቀምጦ እስከ ታች ድረስ ሲንሸራተት መሐንዲሱ ሳቁን መያዝ አቅቶት «አያችሁ፣ ሸክላው ይሠራል!» አለ።

ይህን ሁሉ ግን ማንም አላየም። ኃላፊዋ ለጥንቃቄ ብላ ግቢውን በገመድ አሳጥራ «አደጋ አለ» የሚል ጽሑፍ ሰቅላበት ነበር። ሕዝቡ የሚጠራው ለመጨረሻው ቀን፣ ድንጋዩ ለሚቆምበት ቀን ነው።

ያ ቀን ብሩህ ሆነ። ኮሚቴው ከፊት ወንበሮች ላይ ተቀመጠ፤ ጋዜጠኛው ካሜራውን አንገቱ ላይ አንጠለጠለ። ቢጫው ክሬን ከጎን ሰማይ ጠቀስ ሆኖ ቆሟል። መሐንዲሱ ማለዳ መጥቶ ቀበቶውን በተጋደመው ድንጋይ አናት ላይ በገዛ እጁ አስሮ፣ ቀይዋን ክርም አንሳው ሻይ ሊጠጣ ዘወር ሲል ቋጥሯት ነበር። አንሳው ተመልሶ ጋቢናው ውስጥ ወጣ፣ ሞተሩን አጠፋ፣ ሄልሜቱን ዓይኑ ላይ ደፋ።

የድንጋዩ ከባድ እግር ከቁልሉ አልፎ የአሸዋው ሣጥን ላይ ተቀምጧል። መሐንዲሱ እጁን ሲያነሳ አናጢዎቹ የታችኞቹን መስኮቶች ከፈቱ። አሸዋው መፍሰስ ጀመረ። ሁለት ሰዎች ብቻ በአካፋ እየዛቁ ወደ ጎን ይደፉታል፤ ሌላ የሚታይ ሥራ የለም።

ለረጅም ጊዜ ምንም አልሆነም። ከኮሚቴው አንዱ አዛጋ። ከዚያ በኋላ የድንጋዩ እግር፣ አልጋ ላይ እንደሚሰምጥ ሕመምተኛ፣ አሸዋው ውስጥ መስመጥ ጀመረ። እግሩ ሲወርድ አናቱ ከቁልሉ ተነሳ። ድምፅ የለም፣ ጩኸት የለም፣ ግፋ በለው የለም። ያ ሁሉ ክብደት በገዛ ራሱ ክብደት እየተረዳ፣ ከእንቅልፉ ነቅቶ ቀና እንደሚል ሽማግሌ ቀስ፣ ቀስ ብሎ ተቃና። መሐንዲሱ ዕድሜውን ሙሉ ከሠራው ሁሉ የዚህን ያህል ያማረ ነገር አላየም። አንድም ጉልበት አልባከነም!

«ማን ነው የሚገፋው?» ሲሉ ከፊት የተቀመጡ አንዲት ወይዘሮ ሰማ።

«ማንም አይገፋውም፣» አሏቸው ባልየው።

«ማንም ካልገፋው እንዴት ይነሳል?»

ባልየው ዙሪያውን ቃኙና ዓይናቸው አንድ ቦታ ላይ አረፈ።

ድንጋዩ እግሩ ጉድጓዱ መሠረት ላይ ሲደርስ ወደ ቁልሉ ትንሽ ተደግፎ ቆመ። የቀረውን ግንበኞቹ ከኋላ ሆነው ሠሩት፤ መፈንቀያ ያስገባሉ፣ አንዲት ጣት ያህል ይፈነቅላሉ፣ በክፍተቱ ሽብልቅ ይመታሉ፣ እንደገና ይፈነቅላሉ። እነሱን ግን ቁልሉ ከልሏቸዋል። ከፊት የሚታየው ብቻውን የሚቃና ድንጋይ፣ አናቱ ላይ የታሰረ ቀበቶ፣ ከቀበቶውም በላይ ቢጫ ብረት ነው። መሐንዲሱ ቱምቢውን ለቀቀ። በክሩ ጫፍ የተንጠለጠለችው ክብደት ተወዛወዘች፣ ረጋች። ድንጋዩ ቀጥ ብሏል።

ሰው ሁሉ የሚያጨበጭብለትን ሰው ፈለገ። መሐንዲሱ ጉልበቱ ድረስ ጭቃ ሆኖ፣ ክር ይዞ፣ እንደ ዘበኛ ጥግ ላይ ቆሟል። ባልየው ወደ ክሬኑ ዞረው ማጨብጨብ ጀመሩ፤ ሌላውም ተከተላቸው። በጭብጨባው አንሳው ነቃ። ሄልሜቱን ከዓይኑ ላይ ሲያነሳ ሕዝብ ሁሉ ቆሞ ያጨበጭብለታል። ግራ ገብቶት፣ ሰላም ለሚል ሰው የሚደረገውን አደረገ፤ እጁን አውጥቶ አውለበለበ። ካሜራው ብልጭ አለ።

«ደንቆሮዎች፣» አለ መሐንዲሱ ለራሱ፤ ግን አልደነገጠም። ምስክር አለው። ቀበቶው ሲወርድ ኮሚቴውን ሰብስቦ ክሯን ያሳያል፤ ያኔ ማን ምን ይላል? ወደ ኃላፊዋ ሄደ። ጋዜጠኛው ይዟት ነበር። ቆሞ ጠበቀ። ጋዜጠኛው ሲለቃት የኮሚቴው ሰብሳቢ ያዛት። መሐንዲሱ አሁንም ቆሞ ጠበቀ። በመጨረሻ ሁለቱንም ይዞ ወደ ክሬኑ ሲመጣ፣ ግንበኞቹ በመሰላል ወጥተው ቀበቶውን ፈትተውት፣ አንሳው የክሬኑ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ዳቦ ይበላ ነበር።

እህል ቀምሷል። መሐንዲሱ ዓይኑን ከዳቦው አንስቶ ቀበቶውን ፈለገ።

ቀበቶው ከጎኑ፣ ጠርዝ በጠርዝ ገጥሞ፣ እንደ አንሶላ ታጥፎ ተቀምጧል።

«መሐሉ ላይ... ክር ታስሮ ነበር።»

«አዎ፣ ቀይ ክር። ቆረጥኩት፣» አለ አንሳው አፉን እየጠረገ። «የትኛው ግድየለሽ እንደቋጠረው እንጃ። በቢላ ነው ያስለቀቅኩት፣ ጥብቅ ብሎ ነበር።»

«ጥብቅ ብሎ ነበር! ሰማችሁ? አልተበጠሰም ማለት ነው! ክሬኑ አልጎተተም ማለት ነው!» መሐንዲሱ ወደ ኃላፊዋ ዞረ።

ኃላፊዋ አንሳው ከኪሱ ያወጣውን ቁራጭ ክር በሁለት ጣቷ ይዛ አየችው። «ኢንጂነር፣ የተቆረጠ ክር ምን ብሎ ይመሰክራል?» አለች በለሰለሰ ድምፅ። «መስካሪው ደግሞ የባለቤትዎ ወንድም ናቸው።»

አንሳው ዳቦውን አስቀመጠ። «ቆይ፣ አማቼ። አንተ ነህ ያሰርከው?»

መሐንዲሱ ኃላፊዋ ወደያዘችው ቁራጭ ክር ዓይኑን መለሰ።

«እኔን ልትጠብቅበት?»

«ለኮሚቴው ነው... ለማስረጃ...»

«ብትነግረኝ እንደ ዓይኔ ብሌን እጠብቀው አልነበር!» አለ አንሳው። ፊቱ ቀላ። ከዚያ ግን፣ ደግ ሰው ነውና፣ ወደ ሰብሳቢው ዞሮ ደረቱን መታ። «ጌታዬ፣ እኔ ምንም አልሠራሁም። ሞተሩም አልተነሳም። እውነቱን ልንገርዎት፣ ተኝቼ ነበር!»

ሰብሳቢው ከት ብለው ሳቁ፤ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። «ትሕትና ማለት ይኼ ነው። ሌላው ቢሆን ደረቱን ይነፋ ነበር።» ከአጠገባቸው የነበረው የአንሳው አለቃ፣ በሥራ ሰዓት የተኛን ሹፌር ሳያባርር ውሎ የማያውቀው ሰውዬ፣ እሱ እንኳ አብሮ ሳቀ።

በማግስቱ ጋዜጣው ላይ አንሳው እጁን ሲያውለበልብ ወጣ። መሐንዲሱም ከሥዕሉ ጠርዝ ላይ ነበር፤ ግማሽ ክንዱ።

ሰሌዳው የታደሰው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ነው። መሐንዲሱ ሲሄድ አዲሱ ቀለም ገና ይሸታል። አንብቦ መነጽሩን ጠረገና ደግሞ አነበበ። «የጥንት ሰዎች እነዚህን ድንጋዮች በምን ዘዴ እንዳቆሟቸው እስከ ዛሬ አይታወቅም። ዛሬም ቢሆን ያለ ክሬን ማቆም እንደማይቻል በቅርቡ በዚሁ ግቢ በተካሄደ ሳይንሳዊ ሙከራ ተረጋግጧል።»

«ስምምነታችን ልትቀንሱ ነበር!» አላት ኃላፊዋን። «ጨመራችሁበት!»

«ኮሚቴው ነው የወሰነው። ቢሆንም ሙከራዎ ሰሌዳው ላይ ገብቷል፣ ኢንጂነር። ይህም ቀላል አይደለም።»

«እንደገና ላድርገው። ያለ ክሬን።»

«እኔ ደስ ይለኛል፣» አለች ከልቧ። «ግን እንዴት አድርጌ? ያለፈው ሙከራ ክሬን የግድ መሆኑን አሳይቶ የለ?»

ቤት ውስጥ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበር። አንሳው ለእሑድ ምሳ መምጣት አቆመ። የመሐንዲሱ ሚስት ለሁለት ሰው ሳህን ስታቀርብ ሦስተኛውን አውጥታ መልሳ ታስገባለች፤ ሆን ብላ፣ እሱ እያያት።

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብለኸኝ ነበር፣» አለችው በመጨረሻ። «የጠረጠረስ?»

መሐንዲሱ ተነስቶ ኮቱን ለበሰ። አንሳውን ያገኘው ክሬኑን ሲያጥብ ነው። ምን እንደሚል መንገዱን ሙሉ አሰናድቶ ነበር፤ ሲደርስ ግን ሁሉም ጠፋበት።

«ልነግርህ ይገባ ነበር፣» አለ ብቻ።

አንሳው ጎማውን መወልወሉን ቀጠለ። «ሰው ሁሉ ይመርቀኛል። ነጋዴው ሻይ በነፃ ይሰጠኛል። ባልሠራሁት ሥራ እንዲህ ተከብሬ አላውቅም። እውነቱን ስናገር ደግሞ ይብስባቸዋል። አፌ እስኪደርቅ ነው የተናገርኩት።»

«አውቃለሁ።»

«ሰሌዳውን አየሁት።»

«እኔም አየሁት።»

«ና እስቲ፣ አብረን እንየው፣» አለ አንሳው ጨርቁን እየጨመቀ።

ግቢው ሲደርሱ አስጎብኚው ሰዎች ይዞ ከአራተኛው ድንጋይ ሥር ቆሟል። ሁለቱን ሲያይ ፊቱ በራ።

«እንዴት ያለ ዕድለኛ ቀን ነው! ጎብኚዎች፣ ይህን ድንጋይ ያቆመው ሰው ይኸውና! ራሱ!» አለ ወደ አንሳው እያመለከተ።

«ኧረ በሕግ!» አለ አንሳው። «ተኝቼ ነበር አልኳችሁ እኮ!»

አስጎብኚው ጣቱን ወደ ሰማይ አነሳ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሰማችሁ? *ተኝቶ* ነው ያቆመው።»

ሰዎቹ አፋቸውን ከፈቱ። አንዷ ጎብኚ ጠጋ ብላ አብራው ፎቶግራፍ ልትነሳ ጠየቀችው፤ ካሜራውንም መሐንዲሱ እንዲይዝላት ሰጠችው። መሐንዲሱ ተቀበላትና አነሳቸው። ሦስቱ ጥንታዊ ድንጋዮች ከኋላ ነበሩ። በካሜራዋ ውስጥ አንሳው ከፊት ቆሞ፣ እነሱ ከርቀት፣ አንሳው ከድንጋዮቹ ይረዝም ነበር።

ጎብኚዎቹ ሲሄዱ መሐንዲሱ ሰሌዳው ፊት ባለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። አንሳው መጀመሪያ የሚያለቅስ መስሎት ደነገጠ።

«ምን ሆንክ?»

«ግዙፋኑ ማን እንደነበሩ አሁን ገባኝ፣» አለ መሐንዲሱ እንባውን እየጠረገ። ሳቁ አላናግር አለው።

«ማን ነበሩ?»

«የሰው አማቾች ናቸው እንጂ ማን ይሆናሉ! ጥግ ይዘው የተኙ።»

አንሳውም ሳቀ፤ ግን ዓይኑ ከሳቁ መሐል ሰሌዳው ላይ ቀረ። ሠራተኞቹ ሲያድሱት በአንድ በኩል አጉድለው ተክለውት፣ ወደ ግራ ተዛንፏል። ራሱን ነቀነቀ። መቀመጥ አቃተው። ተነስቶ አንዱን የብረት እግር ጨበጠ።

«ተወው እባክህ፣» አለ መሐንዲሱ። «ተዛንፎ ይቁም። ውሸታም ነው።»

«ውሸታምም ቢሆን ቀጥ ብሎ ይቁም። ዓይኔን እያሳመመኝ እንዴት ልቀመጥ? ቱምቢ ይዘሃል?»

አልያዘም ነበር። መሐንዲሱ ኪሱን ዳበሰ። የቤቱን ቁልፍ አወጣ፤ ከኮቱ የደረት ኪስ ደግሞ የዚያን ቀን ኃላፊዋ የመለሰችለትን ቁራጭ ቀይ ክር። ቁልፉን ክሩ ላይ አንጠልጥሎ ከሰሌዳው ጠርዝ ላይ ያዘው። ቁልፉ ተወዛወዘ፣ ረጋ።

«ትንሽ ወደ ቀኝ፣» አለ መሐንዲሱ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ። «ትንሽ... ቁም። አለፈ። መልሰው።»

አንሳው ብረቱን በትከሻው ገፋ፣ በእግሩም ሥሩን በድንጋይ ጠቀጠቀ። ሰሌዳው ከክሩ ጋር ገጠመ።

«አሁንስ?»

«አሁን ቀጥ ብሏል፣» አለ መሐንዲሱ።